ትራክተሩ ማረሻውን አላነሣም ሲል

ጋፋት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው መድፉን ነው። ሴባስቶፖል የተሠራው እዚህ ነው። ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል ነው ይባላል። ይህም 70 ኩንታል ማለት ነው። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲወስዱት የተጎተተው በሰው ጉልበት ነው። መንገድ እየተጠረገ፣ ገደል እየተናደ ጉዞው ከአምስት ወር በላይ ፈጀ።

ዛሬ ትንሽ ትራክተር ማረሻውን አንሥቶ በማሳው ላይ ይዞራል። ጉልበቱ ከዘይት ነው። ፓምፑ ዘይቱን በቱቦ ይገፋል። ዘይቱ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ፒስተኑን ይገፋል። ፒስተኑ የኋላውን ክንድ ያነሣል። ክንዱ ማረሻውን ያነሣል። ይህ አሠራር ሃይድሮሊክ ይባላል።

በሂሳብ ትምህርት ማባዛት ተምረናል። የዘይቱ ግፊት በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር 150 ኪሎ ነው እንበል። የፒስተኑ ፊት 20 ካሬ ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 150 በ20 ሲባዛ 3000 ኪሎ ይሆናል። 30 ኩንታል ነው። ፒስተኑ ግን ከሲኒ አፍ አይበልጥም።

እዚህ ለማስተማር በመጣሁበት ክረምት፣ ገበሬዎች በጋራ የሚያርሱበት ትራክተር ማረሻውን አላነሣም አለ። ዝናቡ ገብቷል። የስንዴ መዝሪያው ቀን እያለፈ ነው። እጀታው ሲሳብ ክንዱ ይንቀጠቀጣል፤ ትንሽ ከፍ ይልና ይቆማል። ፓምፑ ያላዝናል። አንዱ፣ «ፓምፑ ሞቷል፤ አዲስ ይገዛ» አለ። ለዚያ ደግሞ በሬ መሸጥ ሊያስፈልግ ነው።

ከተማሪዎቼ አንዱ ሽማግሌ ናቸው። ፊደል የለዩት በዚያው ክረምት ነው። «መምህር፣ በሬ ቢለግም ወዲያው ይታረዳል? መጀመሪያ መብላት መጠጣቱ ይታያል እንጂ» አሉ።

«እውነትዎን ነው አባቴ» አልኳቸው።

ማረሻውን መሬት አስነክተን ሞተሩን አጠፋን። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘን ጠረግነውና መልሰን ከተን አወጣነው። በዘንጉ ላይ ሁለት መሥመር አለ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ከታችኛው በታች ነው» አሉ። ዘይቱም እንደ ጠላ አረፍቷል። አረፋ ማለት አየር ነው። ዘይት ሲጫኑት አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል። ጉልበቱ የጠፋው በዚህ ነው።

አየሩ የገባበትን ፈለግን። ከዘይት ማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ በሚሄደው ቱቦ ላይ ማሰሪያው ፋሼታ ላልቷል። አጠበቅነው። ከዚያ ሽማግሌው የዘይቱን ቆርቆሮ ይዘው የተጻፈውን ቁጥር አንድ በአንድ አነበቡ። በትራክተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩት። አንድ ነው። ዘይቱን ሞልተን፣ አየሩ እንዲወጣ ክንዱን ደጋግመን አነሣን፣ አወረድን። ማረሻው ተነሣ። ስንዴው ተዘራ። በሬውም አልተሸጠም።

ውድ አንባብያን፣ የሚከተሉትን ምልክቶች ልብ በሉ።

1. ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ይቀየር።

2. በብርድ ጠዋት ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ዘይቱ ወፍሯል። የኛ አገር ደጋ ነው። ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ በዝግታ ይሥራና ይሙቅ።

3. ከሞቀ በኋላ የሚደክም ከሆነ ፓምፑ ተበልቶ ይሆናል። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥንና በተበላው በኩል ያፈተልካል።

4. አንሥቶ ቀስ በቀስ የሚወርድ ከሆነ የሲሊንደሩ ጎሚኒ ወይም ቫልቩ ያሳልፋል።

5. ባዶ ክንዱን አንሥቶ ማረሻውን እምቢ ካለ፣ ጭነቱ ከብዶት፣ ግፊት የሚወስነው ቫልቭ ላልቶ ወይም ፓምፑ ደክሞ ይሆናል። ቫልቩን በግምት አታጥብቁ። ቱቦ ሊፈነዳ ይችላል።

ፍተሻው ከቀላሉ ይጀመር። መጀመሪያ ዘይቱ፣ ቀጥሎ ፊልትሮው፣ ቀጥሎ ቱቦው፣ ከዚያ ቫልቩ፣ መጨረሻ ፓምፑ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ሳይመረምር ፓምፕ የሚፈታም እንደዚሁ ነው።

ሁለት ነገር ግን ለሕይወት ያሰጋል። በተነሣ ማረሻ ሥር አትግቡ። ዘይቱ ካፈተለከ ማረሻው በድንገት ይወርዳል። ቱቦ የሚያፈስበትንም ቦታ በእጅ አትዳብሱ። በግፊት የሚወጣ ዘይት እንደ መርፌ ቆዳ ይበሳል። በካርቶን ፈልጉ። ዘይት ቆዳ የበሳው ሰው፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም፣ ያኑ ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂድ።

ጥያቄዎች፦

ዘይቱ ለምን አረፈተ?
በመጀመሪያ የሚታየው ምንድን ነው?
150 በ30 ሲባዛ ስንት ኩንታል ይሆናል?