ጠማቂው የመዘነው እንቅልፍ

አንድ አዲስ መድኃኒት ፋርማሲ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት ፈተና አለ። ብዙ ጊዜ በሽተኞች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። ገሚሱ መድኃኒቱን፣ ገሚሱ በመልክ ከመድኃኒቱ የማይለይ ግን ምንም የሌለበት ኪኒን፣ ማለትም ፕላሴቦ ይውጣል። መጨረሻ ላይ የሁለቱ ቡድኖች አማካይ ውጤት ጎን ለጎን ይቀመጥና «ይህን ልዩነት ያመጣው መድኃኒቱ ነው ወይስ አጋጣሚ?» ይባላል። ለጥያቄው መልስ ከሚሰጡት ስሌቶች ሁሉ ስሙ የገነነውን ያፈለቀው ግን ሐኪም አይደለም። ቢራ ጠማቂ ነው።

ዊሊያም ሲሊ ጎሴት ኦክስፎርድ ሒሳብና ኬሚስትሪ ተምሮ በ1899 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ደብሊን ውስጥ ጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጠረ። የትኛው ገብስ ይሻላል፣ የትኛው ሆፕስ ይበልጣል የሚለውን መለየት ነበረበት፤ በእጁ ያለው ግን የጥቂት ማሳዎች ውጤት ብቻ ነው። የዘመኑ የስታቲስቲክስ ቁንጮ ካርል ፒርሰን በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ልኬቶችን እያበጠረ የሚሠራ ሰው ነበርና የጥቂት ማሳ ነገር ብዙም አላስጨነቀውም። ጠማቂ ግን ሺህ ማሳ እስኪታጨድ ቢጠብቅ በርሜሉ ባዶውን ይቀራል።

ፋብሪካው በ1906 ጎሴትን ለንደን ወደ ፒርሰን ላከው። እዚያ ያገኘው መረጃ ከቢራ ጋር ምንም የማያገናኘው ነው፤ የ3,000 ወንጀለኞች ቁመትና የግራ እጃቸው የመሐል ጣት ርዝመት። እያንዳንዱን ልኬት ካርድ ላይ ጻፈ፤ ካርዶቹን በውዞ በውዞ አራት አራት እያደረገ 750 ትናንሽ ናሙናዎች አወጣ። ከዚያ የየናሙናውን አማካይ እያሰላ፣ በቀመር የደረሰበትን ግምት ከካርዶቹ ጋር አስተያየ። ዛሬ ኮምፒውተር በቅጽበት የሚጨርሰውን እሱ በእጁ ሠራው። የእስረኛ ጣት ለቢራ ጠማቂ ይጠቅማል ብሎ ማን ይገምታል?

ውጤቱ በ1908 «ባዮሜትሪካ» በተባለው መጽሔት ወጣ፤ የጸሐፊው ስም ግን «ስቱደንት» ይላል። ጊነስ ሠራተኞቹ በገዛ ስማቸው እንዲያሳትሙ አይፈቅድም ነበር።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የመጀመሪያው ምሳሌ ከገብስ አልተወሰደም፤ ከእንቅልፍ ነው። ኩሽኒና ፒብልስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1905 ያሳተሙት ነው። ሚሺጋን ክፍለ ግዛት፣ ካላማዙ ከተማ ውስጥ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ለተኙ ሰዎች የማስተኛ መድኃኒቶችን እያፈራረቁ ሰጥተው፣ መድኃኒት ካልወሰዱባቸው ሌሊቶች ስንት ሰዓት አስበልጠው እንደተኙ መዘገቡ። ጎሴት የ10 ሰዎችንና የሁለት መድኃኒቶችን ውጤት ወሰደ። የመጀመሪያው መድኃኒት በአማካይ 0.75 ሰዓት ጨመረ፤ ከ10ሩ 4ቱ ግን ጭራሽ እንቅልፋቸው ቀነሰ። ሁለተኛው 2.33 ሰዓት ጨመረ። ልዩነቱ 1.58 ሰዓት ነው።

ይህን ይዞ «ሁለተኛው ይበልጣል» ብሎ መነሣት ቀላል ነበር። የጎሴት ብልሃት ግን ሌላ ቁጥርም መጠየቁ ነው። ልዩነቱ ከሰው ሰው ምን ያህል ይዋዥቃል? ስሌቱ አማካዩን ልዩነት ለዚህ መዋዠቅ ያካፍለዋል፤ የሰዎቹን ቁጥርም ከግምት ያስገባል። በዛሬው አሠራር ውጤቱ 4 ግድም ይመጣል፤ በ10 ሰው እንዲህ ያለ ቁጥር በአጋጣሚ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው።

እዚህ ላይ ቆም የሚያሰኝ ነገር አለ። ዘጠነኛው በሽተኛ በአንደኛው መድኃኒት ምንም ለውጥ አላየም፤ በሁለተኛው 4.6 ሰዓት አተረፈ። ሁለተኛው ለመብለጡ ከእሱ የተሻለ ምስክር የለም። ሆኖም እሱን ከሰንጠረዡ ብናወጣው አማካዩ ልዩነት ወደ 1.24 ሰዓት ዝቅ ሲል፣ 4 የነበረው ቁጥር ከ5 ተኩል ያልፋል። ዋናው ምስክር ወጥቶ ክሱ ጠነከረ! ምክንያቱ፣ የእሱ ውጤት ከሌሎቹ እጅግ መራቁ መዋዠቁን አብዝቶት ነበር። አንድ ሰው ተአምር ከሚያይ ብዙዎች እኩል መጠነኛ ለውጥ ቢያዩ ለስሌቱ ይበልጥ ይጥመዋል፤ በማስታወቂያ ላይ ግን ዘወትር የሚወጣው ዘጠነኛው ሰውዬ ነው።

ጎሴት ሲደመድም ሁለተኛው መድኃኒት የመሻሉ ዕድል 666 ለ1 ግድም ነው አለ። የቁጥሩን ክፉ ስም ለራእየ ዮሐንስ አንባቢዎች እንተወውና፣ የዛሬ መምህር ቢያገኘው ዐረፍተ ነገሩን በቀይ ብዕር ያሰምርበት ነበር። የዛሬው ፈተና «መድኃኒቱ የመሻሉ ዕድል ስንት ነው?» አይልም። የሚለው «ሁለቱ እኩል ቢሆኑ ኖሮ ይህን የሚያህል ልዩነት በአጋጣሚ ስንቴ ይመጣ ነበር?» ነው። ጥያቄው ጠመዝማዛ ስለሆነ ሐኪሞችም፣ ጋዜጠኞችም ዛሬ ድረስ ወደ ጎሴት አባባል ይንሸራተታሉ። ልዩነቱ አጋጣሚ አይደለም ለማለት የሚያገለግለውን ከ20 አንድ፣ ማለትም 5 ከመቶ የተባለውን ድንበር በ1925 መጽሐፉ ያስለመደው የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር ነው፤ የመረጠውም ለአሠራር ስለተመቸው ነበር።

በካላማዙ ሰንጠረዥ ውስጥ ፕላሴቦ የለም። መድኃኒት በሌለበት ሌሊት በሽተኛው የሚሰጠው ምንም አልነበረም። የፕላሴቦ ሐሳብ ግን ከዚያ አንድ መቶ ዓመት ቀድሞ ተወልዷል። የአሜሪካው ኤሊሻ ፐርኪንስ ሕመም ይጎትታሉ የሚባሉ ሁለት የብረት ዘንጎች ይሸጥ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሄይጋርት በ1799 ባዝ ከተማ ላይ ብረት የሚመስሉ የእንጨት ዘንጎች አሠርቶ አምስት በሽተኞችን ዳሰሰ። አራቱ «ተሻለን» አሉ። በማግስቱ እውነተኞቹ ዘንጎች ሲመጡም የተገኘው ከዚህ አልተለየም።

የእንቅልፉ ሰንጠረዥ ጉድ አላለቀም። ጎሴት ሁለቱን ዓምዶች የሃዮሲያሚን ሁለት ዓይነቶች አድርጎ ሰይሟቸው ነበር፤ በ1994 ተመራማሪዎቹ ስቲቨን ሴንና ዊሊያም ሪቻርድሰን የመጀመሪያውን ጥናት ፈትሸው እንደጻፉት ግን አንዱ ሃዮሲያሚን፣ ሌላው ሃዮሲን ነው። ሁለቱም በአገራችን አስተናግር በሚባለው ተክል ውስጥ ይገኛሉ። ፊሸር ሰንጠረዡን በ1925 መጽሐፉ ወስዶ ለዓለም ሲያዳርስ የተሳሳተው ስም አብሮ ተጓዘ።

አር የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ዛሬም እነዚያን 20 ቁጥሮች ይዟል፤ መድኃኒቶቹን ግን በስም አይጠራም፤ 1 እና 2 ብሎ ያልፋቸዋል። ተማሪው ሁለቱም ዓምዶች የእነዚያው 10 ሰዎች መሆናቸውን ዘንግቶ እንደ ሁለት የተለያዩ ቡድኖች አማካያቸውን ካነጻጸረ መልሱ 8 ከመቶ ገደማ ይሆናል፤ ከፊሸር ድንበር በታች አይወርድም። እያንዳንዱን ሰው ከራሱ ጋር ካነጻጸረ ከግማሽ ከመቶ በታች ይወርዳል። ያው 10 ሰው፣ ያው 20 ቁጥር ነው።