የባሕር ገበሬዎች

የባሕር ፎቶ በለጠፍኩ ቁጥር የሚጻፍልኝ ያው ነው። «አቦ ታድለህ!» «መምህር፣ ገነት ገብተህ እኛን ረሳኸን!» አንዱ የድሮ ተማሪዬማ «ቲቸር፣ እዚያም ታስተምራለህ ወይስ ዝም ብለህ ትዋኛለህ?» ብሎኛል። ስቄያለሁ። ግን በአንድ መስመር የሚመለስ ነገር ስላልሆነ ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ለማታውቁ፣ የምኖረው ዛንዚባር ነው። ዋናዋ ደሴት ኡንጉጃ ትባላለች፤ በምሥራቅ ጠረፏ ጃምቢያኒ የምትባል መንደር አለች፣ እዚያ ነኝ። 6 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከዚያ በፊት ደብረ ብርሃን 11 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። ከ2,800 ሜትር ከፍታ ወርጄ ዜሮ ሜትር ላይ አረፍኩ ማለት ነው።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ልንገራችሁ። ሰዓቱ የኛው ነው። በስዋሂሊም የቀን ሰዓት የሚቆጠረው ከፀሐይ መውጣት ነው፤ ጧት 1 ሰዓት ካሉ 1 ሰዓት ነው። ፈረንጁ ባልደረባዬ ከቀጠሮ ጋር ሲታገል እኔ በመጣሁ በማግስቱ ሰዓት አክብሬ ተገኝቻለሁ። ባጃጅ «ባጃጂ» ነው። በየቤቱ ደጃፍ የድንጋይ መደብ አለ፣ «ባራዛ» ይሉታል፤ ማታ ሽማግሌዎቹ እዚያ ቁጭ ብለው ቡና ያለ ስኳር በትንንሽ ሲኒ ይጠጣሉ፣ የመንደሩን ወሬ ይፈጫሉ። ልጅ ታላቅ ሰው ሲያገኝ «ሺካሞ» ይላል፣ ታላቁም «ማራሃባ» ብሎ ይቀበላል። «ፖሌ» የምትባል ቃልም አለቻቸው። ዕቃ ከበደህ፣ ፖሌ። አመመህ፣ ፖሌ። ሰው ሞተብህ፣ ፖሌ። የአማርኛ ፍቺዋን ለማግኘት ብዙ አልደከምኩም፤ «አይዞህ» ናት።

ለጿሚም የተመቸ አገር ነው። ቦሎቄውንም ጎመኑንም በኮኮናት ወተት ነው የሚሠሩት። የዓሣውን ነገር ግን አባቶች ይወቁት፣ እኔ አልገባበትም።

የሚያማርር ነገርም ሞልቷል። የባሕሩ ጨው ሁሉን ይበላል፤ ቁልፍ፣ መቀስ፣ የበር ማጠፊያ ዝጎ ይረግፋል። በርበሬ ካልተጠነቀቁለት ይሻግታል። ደብረ ብርሃን ሦስት አራት ቀን የሚፈጅ ሊጥ እዚህ በአንድ ሌሊት ኩፍ ብሎ ይገነፍላል። እናቴ ያስያዘችኝን ጋቢ አንድም ቀን አልለበስኩትም፤ ሻጋታ እንዳይበላው ብቻ በየወሩ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። ጎረቤቶቼ «ይኼ ብርድ ልብስ ምን ያደርግልሃል?» ይሉኛል። ምን ብዬ ላስረዳቸው!

አሁን ወደ ባሕሩ እንሂድ።

ሰሌዳ ላይ ምድርን ትልቅ ክብ፣ ጨረቃን ትንሽ ክብ አድርጌ የባሕርን መሙላትና መጉደል ያስተማርኳችሁ ታስታውሳላችሁ አይደል? እዚህ ያ ሥዕል የመንደሩ የሥራ ፕሮግራም ነው። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ በየቀኑም 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ጉድለቱም ሙላቱም ይበረታል፣ «ባምቩዋ» ይሉታል። በእነዚህ ቀናት በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ደግሞ ውኃው ብዙም አይንቀሳቀስም፤ «ማጂ ማፉ» ነው ስሙ፣ የሞተ ውኃ ማለት ነው።

በባምቩዋ ቀን ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ከቤቴ ፊት ለፊት ባሕር የለም። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሸሽቶ እስከ ኮራሉ አጥር ሄዷል። ሆቴል ያረፈው ቱሪስት «መዋኛችን የት ሄደ?» ብሎ ሲያዝን፣ የመንደሩ ሴቶች ገመድና ከረጢት ይዘው እየተጠራሩ ይወርዳሉ። ለነሱ ማሳው ተገለጠ።

አዎ፣ ማሳ። እዚያ አሸዋ ላይ የሚታረሰው «ምዋኒ» ይባላል፣ የባሕር አረም ነው። ሁለት ችካል ይተክላሉ፣ መሐሉ ላይ ገመድ ይወጥራሉ፣ በገመዱ ላይ ቁራጭ ቁራጭ ምዋኒ ያስራሉ። ባሕሩ ተመልሶ ይሸፍነዋል። 6 ሳምንት ገደማ ቆይቶ ሲደርስ ይነቅሉታል፣ ለዘር የሚሆነውን ያስቀራሉ፣ የቀረውን አድርቀው በኪሎ ይሸጣሉ። ውጭ አገር ያሉ ፋብሪካዎች ካራጂናን የሚባል ማወፈሪያ ያወጡበታል፤ የጥርስ ሳሙናና አይስክሬም ውስጥ የሚገባው ነው። ሥራው በዚህ ጠረፍ ለገበያ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1989 አካባቢ ሲሆን፣ የያዙትም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው።

የቤቴ አጎራባች ከነሱ አንዷ ናቸው። ስማቸውን ማንም አይጠራም፤ እንደኛው አገር በበኩር ልጃቸው ስም «የእገሌ እናት» ይባላሉ። እኔ «ማማ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ምዋሊሙ» ይሉኛል፣ መምህር ማለት ነው። የቤታቸውን ቆርቆሮ ያለበሱት በምዋኒ ገንዘብ ነው። ሁለት ልጆች አስተምረው ሦስተኛዋን እኔ ክፍል አስቀምጠዋታል። ሲያወሩ ስሰማቸው የገበሬ ልጅነቴ ይነሳብኛል። ስለ ዘር፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ ዋጋ ነው የሚያወሩት። ደላላ ያማሉ። ማሳቸው ጨዋማ ከመሆኑ በቀር እናቴን ናቸው።

ምዋኒ ዋና ዋና ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው ወፈር ያለ ነው፣ ኮቶኒ ይባላል፣ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ሌላው ቀጭኑ ስፒኖሰም ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ግን ርካሽ ነው። ማማ ቆርቆሮውን የገዙት በኮቶኒ ነበር። አሁን ኮቶኒው እዚህ ዳር ላይ አልይዝ አለ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት «ካስካዚ» የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ወቅት ነው፣ ሙቀቱም ያኔ ይበረታል። ጥልቀት የሌለው ውኃ ፀሐይ ሲመታው ለእግር መታጠቢያ የሚሆን ለብ ያለ ውኃ ይሆናል። ያኔ ተክሉ ይደክማል፣ ቅርንጫፉ ይነጣል፣ ይቆረጥና ማዕበል ይዞት ይሄዳል። ገበሬዎች ለበሽታው ያወጡለት ስም ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «አይስ-አይስ»። ሙቀት የሚያመጣው በረዶ!

ይኼን ለእናቴ በስልክ ነገርኳት።

«ውርጭ መታው በለኛ!» አለች።

«ሙቀት ነው እኮ እማዬ።»

«እኔ ምን ቸገረኝ፣ ካነጣው ውርጭ ነው። ፖሌ በላት፣ አደራ።» ቃሏን ከኔ ለምዳታለች።

ውርጭ ያደረበትን የገብስ ማሳ ያየ ሰው ማማን ገመዳቸው ዳር ቆመው ቢያያቸው ፊታቸውን ያውቀዋል። እኔ ያወቅኩት በልጅነቴ ነው።

የእናቴም ጉዳይ አለ። እሷ ያለችበት የሰሜን ሸዋ ደጋ በበልግ ገብስ የሚተማመን ነው። እንደሚታወቀው በልግ ከየካቲት ጀምሮ ይጠበቃል። አንዳንድ ዓመት ይመጣል፣ አንዳንድ ዓመት ይዘገያል፣ አንዳንዴም ዘር አስዘርቶ ይቀራል። ለበልጉ ዝናብ የሚሆነው እርጥበት ደግሞ በአብዛኛው የሚነሳው ከዚሁ ከሕንድ ውቅያኖስ ነው። እዚህ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚወርደው ትልቁ ዝናብ «ማሲካ» ይባላል፤ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትጓዝ የዝናቡ ቀበቶ አብሯት ይወጣል፣ ማሲካም በልግም የዚያው ጉዞ አካል ናቸው። ክፍል ውስጥ በቀስት ምልክት እሥለው የነበረ ነገር ነው። አሁን በቀስቱ አንድ ጫፍ ማማ አሉ፣ በሌላው ጫፍ እናቴ አለች፣ ስልኩ እኔ ጋ ነው።

ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። ግን ማማ አጥር ላይ ሆነው «ምዋሊሙ፣ እናትህ ጋ ዘነበ?» ይሉኛል። እናቴም ከሰላምታዋ ቀጥላ «የሴትዮዋ እርሻ እንዴት ሆነላት?» ትላለች። እኔ ደግሞ መሐል ሆኜ አስተረጉማለሁ።

ለኮቶኒው አንድ መፍትሔ አለ፤ ውኃው ቀዝቀዝ ወዳለበት፣ ወደ ጥልቁ መሄድ ነው። እዚያ በችካል አይሠራም፣ ገመዱ በተንሳፋፊ ነገር ይያዛል፣ ጀልባ ያስፈልጋል። የመንደሩ ሴቶች ተሰባስበው እንደ ዕቁባችን ዓይነት ነገር አዋጥተው አንዲት አሮጌ ጀልባ ገዝተዋል። ችግሩ ሌላ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባሕር ውስጥ የሠሩት እነዚህ ሴቶች አብዛኞቹ መዋኘት አይችሉም። ዋና የወንዶች ነገር ሆኖ ነው የኖረው። ውኃ ከወገብ በላይ ሲሆን ወደ ቤት መመለስ ነበር ደንቡ።

ባለቤታቸው አልወደዱትም። «ቀጭኑ ይበቃናል» አሉ። ማማ ሳምንት ዝም ብለው ከረሙና በሞተው ውኃ ቀን፣ ባሕሩ ረጋ ባለበት፣ ልብሳቸውን እንደለበሱ ገቡ። አስተማሪያቸው የ14 ዓመት ልጃቸው ናት፣ የኔዋ ተማሪ። ባዶ ጀሪካን አስይዛ ነው የምታለማምዳቸው። ሰኞ ሰኞ ክፍል ስትገባ ሪፖርት ታቀርብልኛለች። «እናቴ ዛሬ ጀሪካኑን ለቀቀች» አለችኝ አንድ ቀን። «ስንት ጊዜ?» ስላት «እስከ አሥር ቆጠርኩ» አለች። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ።

እኔንም ይጠይቁኝ ነበር። «ምዋሊሙ፣ አንተስ ትዋኛለህ?» «እኛ አገር ባሕር የለም» ስላቸው የማያምኑ አሉ፤ ባሕር የሌለው አገር አይገባቸውም። አሁን የዓሣ አጥማጅ ልጆች የሆኑ ተማሪዎቼ ቅዳሜ ከሰዓት ያስተምሩኛል። ምሕረት የላቸውም። እንደ ድንጋይ ስሰምጥ ቆመው ይስቃሉ፣ ከዚያ «ፖሌ፣ ምዋሊሙ» ብለው ያወጡኛል። ደብረ ብርሃን የቤት ሥራ ያበዛሁባችሁ ሁሉ፣ ደስ ይበላችሁ፤ ተበቅለውላችኋል።

እና ታድያለሁ ወይ? ታድያለሁ። ማታ ነፋሱ በኮኮናቱ ቅጠል ሲያልፍ ዝናብ የመጣ ይመስለኛል፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ሌላ ቦታ አልሰማሁም። ግን ፎቶው ላይ የምታዩት ሰማያዊ ውኃ የሰው ማሳ ነው። ዳር ላይ የሚታዩት ትንንሽ ጥቁር ነጥቦች ደግሞ ጎንበስ ያሉ ሴቶች ናቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ፎቶ ስለጥፍ አጉልታችሁ እዩዋቸው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ በተለይ ገጠር እናት አባት ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼን። ስትደውሉ ዝናቡ መቼ እንደጀመረና መቼ እንዳቆመ ጠይቁና ቀኑን ጻፉት፣ በየዓመቱ። እኔ የእናቴን አራት ዓመት ጽፌያለሁ፤ ከዚያው ደብተር ላይ የማማን የኮቶኒ ወራትም መዝግቤያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ማማና ጓደኞቻቸው በጥልቁ የመጀመሪያዎቹን አሥር ገመዶች ዘርግተዋል። እስኪደርስ 6 ሳምንት ነው። ትናንት እናቴ ደውላ «ለሴትዮዋ ንገራት፣ እኛም ጋ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል» አለች። አጥሩ ላይ ሆኜ ነገርኳቸው። «አልሃምዱሊላህ» አሉና «ቶሎ እንዳትዘራ በላት፣ ትንሽ ትየው» ብለው ላኩኝ።

በሉ ደህና ሁኑልኝ።