ድንጋይ ልብሷ ኀዘንተኛ

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለሰው ልጅ የተነገረ እንጂ ለፍጥረት ሁሉ የሚስማማ አይመስለንም። ሰው ሲያዝን ያለቅሳል። ላም ጥጃዋ ሲሞትባት እየጮኸች ትዞራለች። ውሻም ጌታውን ሲያጣ ያላዝናል፤ በጃፓን አገር ሐቺኮ የተባለው ውሻ፣ መምህር የነበሩት ጌታው እ.ኤ.አ. በ1925 ከሞቱ በኋላ፣ እርሱ ራሱ እስከ ሞተበት እስከ 1935 ድረስ ወደ ባቡር ጣቢያ እየተመላለሰ ሲጠብቃቸው መኖሩ በዓለም የታወቀ ነው። የእነዚህን ኀዘን ለመረዳት ዐይንና ጆሮ ይበቃል። ነገር ግን ድምፅዋ እምብዛም የማይሰማ፣ ፊቷ የማይለዋወጥ፣ ስትፈራም ስትጠግብም ያንኑ ድንጋይ የመሰለ ልብሷን ለብሳ የምትኖር ኤሊ ባልንጀራዋ ሲሞትባት ማዘኗ በምን ይታወቃል? ማዘኗስ ቢታወቅ በምን ትጽናናለች?

ይህን ጥያቄ በኮምቦልቻ ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ ለምንገኝ ለእኛ ያመጣብን መጽሐፍ አይደለም፤ የመሥሪያ ቤታችን ግቢ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዳ በቦርከና ወንዝ አካባቢ የተቆረቆረች፣ ከአዲስ አበባና ከደሴ የሚመጣው መንገድ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚታጠፍባት፣ የፋብሪካና የከባድ መኪና ከተማ ናት። በዚሁ መንገድ ይመላለስ የነበረ አንድ ሹፌር ከብዙ ዓመታት በፊት አንዲት ኤሊ ከቆላ አምጥቶ በግቢው ውስጥ ትቷት እንደ ሄደ ይነገራል። ከእኛ በፊት የነበሩት ሠራተኞች ጀርባዋ እንደ ነብር ቆዳ ዝንጉርጉር፣ አረማመዷም የትልቅ ወይዘሮ መሆኑን አይተው «እሜቴ» ብለው ሰየሟት። እኛም ከወንበሩና ከመዝገብ ሣጥኑ ጋር ወረስናት።

የእሜቴ ባልንጀራ መቻል የሚባለው የግቢው ውሻ ነበር። ባልንጀሮች ናቸው ስንል ይጫወቱ ነበር ማለታችን አይደለም፤ ውሻና ኤሊ በምን ይጫወታሉ? ነገር ግን ውሎአቸው አንድ ነበር። ጠዋት ፀሐይ የምሥራቁን ግንብ ስትመታው መቻል ከዘበኛው አግዳሚ ወንበር ሥር ተነሥቶ ይንጠራራና ወደ ግንቡ ያመራል። እሜቴም አንገቷን አውጥታ ጥቂት ከተመለከተች በኋላ በዝግታ ትከተለዋለች። ረፋዱ ላይ ፍርፋሪው ለእርሱ፣ ሣሩና የበለስ ቅጠሉ ለእርሷ በአንድ ስፍራ ይቀርባል። እኩለ ቀን ሲሆን ወደ ዛፉ ጥላ፣ ሲመሽም ተመልሰው ወደ ወንበሩ ሥር ይገባሉ። መቻል አገጩን በቅርፊቷ ላይ አሳርፎ ሲያንቀላፋ ያየ ባለጉዳይ ሁሉ የመጣበትን ጉዳይ ለጊዜው ይረሳ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ሠራተኛው በየፊናው ተበተነ፤ ግቢውም ባዶ ሆነ። ተመልሰን መስኮቱን ተሰባብሮ፣ ወረቀቱን ተበታትኖ ስናገኝ፣ ውሻው አጥንቱ ቀርቶ፣ እሜቴም አቧራ ለብሳ፣ በዚያው ወንበር ሥር ጎን ለጎን ነበሩ።

መቻል አርጅቶ በ2016 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ሞተ፤ ከግንቡ በስተጀርባም ተቀበረ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በእሜቴ ላይ ያየነው ለውጥ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ግን ፀሐይ ወጥታ ግንቡን ስታሞቀው እርሷ ከወንበሩ ሥር አልወጣችም። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ቀን እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ብቅ ትልና በአጥሩ ጥግ ለጥግ ትሄዳለች፤ ማዕዘኑ ላይ ስትደርስ ራሷን ከድንጋዩ ጋር አጋጥማ ረጅም ጊዜ ትቆማለች፤ ከዚያም ያለ ምንም ምግብ ትመለሳለች። የቀረበላት ሣር ባለበት ይደርቅ ጀመር። ሁለት ሳምንት ሲሞላ አንሥተን በያዝናት ጊዜ ክብደቷ መቀነሱ በእጃችን ታወቀን።

በዚህ ጊዜ በሠራተኛው መካከል ክርክር ተነሣ። የሒሳብ ክፍሉ ባልደረባችን «ይህ ብርድ ነው» አለ። ኤሊ እንደ እኛ ከውስጧ ሙቀት የምታመነጭ ፍጥረት አይደለችም፤ የሰውነቷ ሙቀት ከፀሐይና ከምድር የሚገኝ ነው። ሳትሞቅ የቀረች እንደ ሆነ ምግብ አያሰኛትም፤ ብትበላም ሆዷ አይፈጭላትም። የኮምቦልቻ ቀን ሞቃት ቢሆንም የታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ስለዚህ ነገሩ የአየር ጠባይ እንጂ የልብ ጉዳይ አይደለም አለ። የመዝገብ ቤቷ ባልደረባችን ደግሞ «ባለፈውም ዓመት፣ ካቻምናም ታኅሣሥ ነበረ፤ ያን ጊዜ ለምን በላች?» ስትል መለሰችለት። ሦስተኛው ወገን ወደ ቆላ ተወስዳ ትለቀቅ የሚል ነበር፤ ይሁን እንጂ ምግብ ያልቀመሰች ደካማ እንስሳን በማታውቀው ምድር መጣል መግደል ነው ተብሎ ሐሳቡ ቀረ። የመጣው የእንስሳት ሐኪም ቁስልም፣ የአፍንጫ ፈሳሽም አላገኘባትም፤ «ትሙቅ፣ ትብላ» ብሎ ሄደ። የእርሷ ዓይነት የቆላ ኤሊ እንደ ብርድ አገር ኤሊዎች ወራቱን ሙሉ ተኝታ የምታሳልፍ ስላልሆነች፣ ሳትበላ የምትውልበት እያንዳንዱ ቀን ከሕይወቷ ላይ የሚቀነስ ነበር።

ስለ ኤሊ ጠባይ የተጻፈውን ስንመለከት ሁለቱንም ተከራካሪዎች የሚያስታርቅ ነገር አገኘን። በጎረቤታችን በኬንያ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2004 ከሕንድ ውቅያኖስ በተነሣው ታላቅ ማዕበል ጊዜ ከወገኖቹ የተለየ አንድ የጉማሬ ግልገል ሞምባሳ አጠገብ ወደሚገኘው ሀለር ፓርክ ተወሰደ። ስሙ ኦወን ይባላል። ግልገሉ በዚያ የነበረውንና ዕድሜው 130 ዓመት ያህል ይገመት የነበረውን ሙዜ የተባለ ትልቅ ኤሊ ተጠጋ። ኤሊው መጀመሪያ ቢሸሸውም በኋላ ተቀበለው፤ አብረው ተኙ፤ ግልገሉም ኤሊው የሚበላውን እያየ መብላት ጀመረ። እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ባልንጀርነት ማለት አስቀድሞ የመኝታና የመብል መንገድ ማሳየት መሆኑን እናያለን።

ኤሊስ ከሌላው መማር ትችላለችን? አና ዊልኪንሰን የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ምግብ ከአጥር ወዲያ አስቀምጠው ቀይ እግር ያላቸውን የደቡብ አሜሪካ ኤሊዎች ፈተኑ። ሌላዋ ኤሊ አጥሩን ዞራ ስትሄድ ያዩት መንገዱን አገኙት፤ ያላዩት ግን ምግቡ ፊት ለፊታቸው እየታየ ዞረው መድረስ ተሳናቸው። ዊልኪንሰንና ሌሎች ባልደረቦቻቸው ደግሞ ማዛጋት ከሰው ወደ ሰው እንደሚጋባ ከኤሊ ወደ ኤሊም ይጋባ እንደ ሆነ ፈትነው እንደማይጋባ ስላረጋገጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ሰውን አስቀድሞ አሥቆ ኋላ ለሚያሳስብ ሥራ የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ነገሩ በእውነት ያሥቃል፤ ነገር ግን ሁለቱ ጥናቶች አጠገብ ላጠገብ ሲቀመጡ ትልቅ ቁም ነገር አላቸው። ኤሊ የባልንጀራዋ ማዛጋት አይጋባባትም፤ ባልንጀራዋ የሄደበትን መንገድ ግን ታያለች፤ ትከተላለችም።

በዚህ ዐይን ስናየው መቻል ለእሜቴ ምን እንደ ነበረ ይገለጣል። እርሱ ሰዓቷ ነበር፤ መንገዷም ነበር። ፀሐይማ ወሩን ሙሉ አልጠፋችም፤ የጠፋው ወደ ፀሐይ የሚመራው ነው።

ይህን እኛ ከወረቀት ላይ ስናነብ ዘበኛችን አባባ ግን ቀድመውን በሥራ ላይ ነበሩ። እርሳቸው በክርክሩ ውስጥ አንድ ቃል አልተናገሩም። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ስንገባ መቻል ይተኛበት የነበረውን ጆንያ ከምሥራቁ ግንብ ሥር አንጥፈው፣ እሜቴን በላዩ አስቀምጠው፣ እሾሁ በእሳት የተለበለበ የበለስ ቅጠል ቆራርጠው፣ እርሳቸውም ቁርሳቸውን ይዘው አጠገቧ ተቀምጠው አገኘናቸው።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልናቸው።

«ለቅሶ ደርሼ ነዋ!» አሉ። «ኀዘንተኛ ብቻውን አይበላም። ሰው አጠገቡ ሲበላ ነው የሚበላው።» ከዚያም ወደ ኤሊዋ ዘወር ብለው «አብሽሪ እሜቴ፣ አብሽሪ» አሏት።

እንደዚህ እያደረጉ ጠዋት ወደ ፀሐዩ፣ ቀትር ላይ ወደ ጥላው፣ ማታም ጭድ ወደ ተነጠፈለት ወንበር ሥር ያመላልሷት ጀመር። ሦስት ቀን ምንም አልቀመሰችም። በአራተኛው ቀን የበለሱን ቅጠል አሸተተች። በዘጠነኛው ቀን በላች። ጥር ከገባ በኋላ ደግሞ አባባ ቁርሳቸውን ይዘው ሲነሡ ስታይ አንገቷን አውጥታ በስተኋላቸው መራመድ ጀመረች። የሒሳብ ክፍሉ ባልደረባችን «ሞቀች፤ በላች» አለ፤ የመዝገብ ቤቷም «ተጽናናች» አለች። ሁለቱም ያዩትን ተናገሩ። እሜቴ እስከ ዛሬ ጆንያው ላይ ስትተኛ ወደ አንድ ጠርዝ ተጠግታ ግማሹን ባዶ ትተወዋለች። ልማድ ይሁን ትዝታ እኛ የምንፈርደው አይደለም።

የእኛ ሐሳብ ግን ከኤሊዋ አልፎ ወደ ሰው ይሄዳል። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድነት የሚገኝበት ቅሬ የሚባል የቆየ የመረዳጃ ማኅበር አለ። የቅሬ ጥበብ አብሮ በማልቀስ ብቻ አያበቃም። ቅሬተኛው መቃብር ይቆፍራል፤ እንግዳ ያስተናግዳል፤ ምግብ ይዞ ይመጣል፤ ኀዘንተኛውን «ቅመስ» ብሎ ያስገድደዋል። አባቶቻችን የሞት ጉዳት በልብ ብቻ ሳይሆን በቀኑ ሥርዐት ላይም እንደሚወርድ ያወቁ ይመስለናል። ሰው ሲሞት ቡናውን የሚያፈላው፣ በሩን የሚከፍተው፣ ማታ «ገባህ ወይ?» የሚለው ይጠፋል። ቀሪው የሚወደውን ሰው ከማጣቱ ጋር፣ ጠዋት የሚነሣበትን ምክንያትና ወደ ማዕድ የሚሄድበትን መንገድ አብሮ ያጣል።

እኛ የቢሮ ሰዎች ባልደረባችን ሲያዝንበት በመኪና ተሰባስበን እንሄዳለን፤ ጥቂት ተቀምጠን የተዋጣውን ገንዘብ አስረክበን እንመለሳለን። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሟቹ ከዚያ ቤት ውስጥ ዕለት ዕለት ምን ይሠራ እንደ ነበር የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ምሳውን ከማን ጋር ይበላ ነበር? ልጇ የሞተባት እናት ወደ ገበያ የምትወጣው ከማን ጋር ነበር? ይህን ጠይቆ ከእነዚያ ሰዓቶች አንዲቱን እንኳ መያዝ፣ በዚያች ሰዓት ቁርስን ይዞ ሄዶ አጠገብ መቀመጥ፣ ብዙ የንግግር ችሎታ አያስፈልገውም። የሟቹን ስፍራ የሚተካ ማንም የለም፤ ኀዘንተኛውን በእጁ ይዞ ወደ ፀሐይ ማውጣት ግን ከማንኛችንም አቅም በላይ አይደለም።