ሰባተኛው ክር

ጡረታ ከወጣሁ ሰባት ዓመቴ ነው። 34 ዓመት በነርስነት ሳገለግል፣ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት በቀዶ ሕክምና ክፍል ነበር። ባለፈው ክረምት የ15 ዓመቱ የልጅ ልጄ «እቴቴ፣ አብረን ጊታር እንሥራ» ሲለኝ ሳቄ መጣ። መቀስና መርፌ እንጂ መጋዝ ይዤ አላውቅማ!

ልጁ የፈለገው ደግሞ እንደ ሌላው ያለ ጊታር አይደለም። ክላሲካል ጊታር ስድስት ክር አለው፤ እሱ ሰባት አማረው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «በጾሙ ጊዜ የምትሰሚው በገና ያ ወፍራም ድምፁ ጊታር ላይ የለም። ከታች አንድ ክር ቢጨመር ይገኛል» አለኝ። በገና አሥር አውታር እንዳለው አውቃለሁ። ጊታርም ከስድስት በላይ ሊኖረው እንደሚችል ያስተማረኝ ግን እሱ ነው። ሩሲያውያን ባለ ሰባት ክር ጊታር መጫወት ከጀመሩ ከ200 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ብራዚሎችም ለሳምባ ይጠቀሙበታል። ስፔናዊው ናርሲሶ የፔስ ደግሞ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባለ አሥር ክር አሠርቶ መድረክ ላይ ወጥቶበታል።

«እሺ» ያልኩት ግን ለበገናው ድምፅ ብቻ ብዬ አልነበረም። ዕዳ ነበረብኝ።

በ1990 ዓ.ም. የዚህ ልጅ አባት፣ የበኩር ልጄ፣ 12ኛ ክፍል ነበር። ማትሪክ ሊፈተን ሦስት ወር ሲቀረው፣ ከሌሊት ተረኝነት ደክሜ ስገባ ደብተሩን አጥፎ ጊታር ሲጫወት አገኘሁት። ምንም አልተናገርኩም። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሲሄድ ጊታሩን መርካቶ ወስጄ በ120 ብር ሸጥኩት። ማታ ሲመለስ ጊታሩ የሚሰቀልበትን ግድግዳ አይቶ ዝም አለ። ፈተናውን አለፈ፤ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ መሐንዲስ ሆነ። እኔም «ጨክኜ ልጄን ሰው አደረግኩት» እያልኩ ለጎረቤት ሳወራ ኖርኩ። እሱ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ጊታር ሲነካም ሆነ ስለ ጊታር ሲያነሳ አላየሁም።

ወደ ሥራችን ልመለስ። አንገቱ የተሰበረ አሮጌ ጊታር በርካሽ ገዛን። የሰፈራችን አናጢ ከዋንዛ እንጨት አዲስ አንገት ጠረበልን። የተለመደው ጊታር አንገት ከላይ በኩል 52 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ለሰባት ክር ጣት እንዲያስገባ እኛ 62 አደረግነው። ክሮቹ ከላይ የሚያልፉባትን ማረፊያ ከተቀቀለ የበሬ አጥንት ሞረድናት። አንገቱ ላይ የሚደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ቦታቸው በግምት አይሆንም። የክሩን ርዝመት፣ 650 ሚሊ ሜትሩን፣ ለ17.817 ማካፈል፣ ከቀሪው ላይ እንደገና ማካፈል፣ እንዲህ እያሉ መቀጠል ነው። የመጀመሪያው 36.5 ሚሊ ሜትር ላይ ያርፋል። የሂሳብ ደብተር ሲያይ የሚያዛጋው ልጅ 19 ጊዜ ሲያካፍል አመሸ።

ክሮቹን ከዋሽንግተን የምትመላለስ እህቴ አመጣችልን። ፖስታውን ስከፍት የማውቀው ነገር ሆኖ አገኘሁት፤ ናይለን። ድሮ የጊታር ክር እንደ በገና አውታር ከአንጀት ነበር የሚሠራው። እኛ ሐኪም ቤት ካትገት የምንለው የስፌት ክርም የበግ ወይም የከብት አንጀት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንጀቱ ለቁስለኞች ስፌት ሲፈለግ ለጊታር ክር ጠፋ። በኒውዮርክ ይኖር የነበረ አልበርት አውጉስቲን የተባለ መሣሪያ ሠሪ ከናይለን ሠራ፤ ታላቁ ጊታሪስት አንድሬስ ሴጎቪያም ተቀበለው። ዕድሜዬን ሙሉ በእጄ ይዤው የኖርኩት ክር እንዲህ ያለ ዘመድ እንዳለው ያወቅኩት በ66 ዓመቴ ነው።

ክሮቹን ወጥረን ተኛን። ሌሊት «ጧ!» የሚል ድምፅ ቀሰቀሰን። ክሮቹ የሚታሰሩበት ብርኩማ ከነክሩ ተነቅሎ ወድቋል። ስድስቱ ክሮች ተወጥረው ሲስቡ ወደ 40 ኪሎ ግራም ይሆናሉ፤ ሰባተኛው ስድስት ሰባት ኪሎ ጨምሮበታል። ልጁ አለቀሰ።

ቅዳሜ አባቱ ሊወስደው መጣ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን አየ። እኔ ትንፋሼን ዋጥኩ። አንስቶ አገላበጠውና በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገው።

«ቫርኒሹ ላይ ነው የለጠፋችሁት» አለ። «ተፍቆ ባዶው እንጨት ካልወጣ ሙጫ አይዝም።»

«አባዬ፣ በምን አወቅህ?» አለው ልጁ።

«የእኔም አንዴ ተነቅሎ ነበር። ራሴ ነኝ የጠገንኩት።»

ያን የሸጥኩትን ጊታር በእጁ ጠግኖት እንደነበር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ቁስል ሳይጸዳ እንደማይሰፋ ለስንት ተማሪ ነርስ ነግሬአለሁ መሰላችሁ! የራሴን ልጅ ግን ሳላጸዳ ሰፍቼው ኖሬአለሁ።

«ልጄ፣ ያን ጊታር ሳልነግርህ ሸጥኩብህ። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። ልጁ ፊት ነው ያልኩት።

ወዲያው አልመለሰልኝም። ቆይቶ «እማዬ፣ መፋቂያ አለሽ?» አለኝ።

ሦስታችን ተቀምጠን ቫርኒሹን ፋቅን። በውስጥ በኩል ስስ እንጨት ደግፈን፣ ብርኩማውን አዲስ ሙጫ ቀብተን፣ ክብደት ጭነን እስከ ማግስቱ አቆየነው። ክሮቹንም በአንዴ ሳይሆን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያልን በሳምንት ወጠርናቸው። ያዘ።

አባትና ልጅ ስምምነት አላቸው፤ መጀመሪያ የቤት ሥራ፣ ከዚያ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ጊታር። ይህችን ቀላል ውል ያኔ ባስባት ኖሮ እላለሁ። እናንተ ልጅ የምታሳድጉ፣ ከመንጠቃችሁ በፊት ሰዓት ተነጋገሩ። የነጠቃችሁ ካላችሁም፣ ልጁ ሸበተ ብላችሁ ይቅርታውን አትተዉት።

ጊታራችን እንከን አያጣውም። ሰባተኛው ክር ሲመታ ዝዝ ይላል። የልጅ ልጄ ግን «ይኸ እኮ የበገናው እንዝራ ነው» ብሎ እንዳይነካበት ከልክሏል። ባለፈው እሑድ ልጄ ተቀብሎት ያቺኑ ክር ደጋግሞ መታት። ጣቶቹ ብዙ ረስተዋል። እኔም ቡናዬን ይዤ፣ አንድም ቃል ሳልናገር፣ እስኪበቃው ሰማሁት።