ያልተጠየቀችው በቅሎ

ጸሐፌ ተውኔት በመድረክ ላይ የሰውን ሞት ሲያሳይ ምክንያቱን አብሮ ማሳየት ግዴታው ነው። ተመልካቹ «ይህች ሴት ለምን ሞተች?» ብሎ ሲጠይቅ «ቀኗ ደርሶ» የሚል መልስ ሰጥቶ መጋረጃውን የሚዘጋ ደራሲ ሥራውን ከግማሽ ጥሏል። ይህን ያስተማረኝ ግን የቴአትር መምህር አይደለም፤ የጤናን ፍትሐዊነት በመመርመር ዕድሜውን ያሳለፈ የረጅም ዘመን ወዳጄ ነው። ስለ እርሱ፣ ስለ ሥራ ባልደረቦቹ፣ በሁለታችንም ቤት ስላለፉት የደስታና የሐዘን ቀኖች ዛሬ ለመጻፍ የተነሣሁት ሳልከፍለው የቆየሁ ዕዳ ስላለብኝ ነው።

የተዋወቅነው በ1990 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ ግቢ አንድ የመኝታ ክፍል ስለ ደረሰን ነው። እኔ የቴአትር ጥበባት፣ እርሱ የሶሲዮሎጂ ተማሪዎች ነበርን። እኔ ሌሊት ተነሥቼ ግጥም ስጽፍ እርሱ በአንዲት ትንሽ ደብተር ቁጥር ይጽፍ ነበር። ከክፍላችን ተማሪዎች ስንቱ ከገጠር እንደ መጣ፣ ከእነዚያም ስንቷ ሴት እንደ ሆነች፣ የስንቱ እናት በሕይወት እንዳለች ሳይቀር ይቆጥራል። በቁጥሩ ስቄበታለሁ። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ በጨለማ ተቀምጠን ሳለ ግን የእናቱን ነገር ነገረኝ። ከጉና ተራራ ግርጌ ከምትገኝ አንዲት መንደር፣ በ1979 ዓ.ም.፣ እርሱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ በምጥ ላይ ሳለች በቃሬዛ ተጭና ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ መንገድ ላይ ዐርፋለች። አባቱም ለቀስተኛው ሁሉ «ቀኗ ደርሶ ነው» እያሉ ይመልሱ ነበር። ወዳጄ በዚያ ጨለማ ውስጥ ያለኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦ «የደረሰው ቀኗ አልነበረም። ያልደረሰው መንገዱ ነው።»

ከዚያ በኋላ በደብተሩ አልሳቅሁበትም። እርሱም ሁለተኛ ዲግሪውን በኅብረተሰብ ጤና ሠርቶ የመረጠውን መንገድ ያዘ። በ1994 ዓ.ም. ሲያገባ ሚዜው ነበርሁ። በ1996 ዓ.ም. ሴት ልጅ ሲወልድ ገንፎውን አብረን በላን። የእኔ ልጅ ደግሞ በ2005 ዓ.ም. ተወለደች። ባለቤቴን ምጥ የያዛት በእኩለ ሌሊት ነበር፤ መኪና አልነበረንም። የጎረቤታችንን በር አንኳኳሁ፤ ሰውዬው በሌሊት ልብሱ ላይ ካፖርት ደርቦ ወጣ፤ በአሥራ አምስት ደቂቃ ሆስፒታል ደረስን። በማግሥቱ ለወዳጄ ይህን እንደ ተራ ወሬ ስነግረው ደብተሩን አውጥቶ «አሥራ አምስት ደቂቃ» ብሎ ጻፈ። የጻፈበትን ምክንያት የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ወዳጄ የሚያጠናው ነገር ሲናገሩት ቀላል ነው። ሞት ለሁሉም እኩል ነው የሚለው አባባል እውነት አይደለም፤ የሚሞቱበት ዕድሜና ምክንያት እንደ ሀብት፣ እንደ ሰፈርና እንደ ጾታ ይለያያል። በዌልስ የማዕድን ቆፋሪዎች መንደር ያክም የነበረው ጁሊያን ቱዶር ሃርት የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1971 ይህን የተገላቢጦሽ ሕግ ብሎ ሰየመው። ሕክምና ይበልጥ የሚያስፈልገው ሕዝብ ያነሰውን ሕክምና ያገኛል ማለቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ የተሰበሰቡት መንግሥታትም በጤና ረገድ የሚታየው የከረረ ልዩነት ተቀባይነት የሌለው መሆኑን በአንድ ድምፅ መስክረዋል። በአገራችንም የተሠራው ሥራ የሚናቅ አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እየተመደቡ፣ አንዱ ቀበሌ በአማካይ 5,000 ያህል ሰው ይዞ፣ ከቤት ቤት እየዞሩ ሕዝቡን አገልግለዋል። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ይሁን እንጂ በዚያው በ2016ቱ ጥናት ከከተማ እናቶች ወሊድ 79 በመቶው በጤና ተቋም ሲሆን፣ በገጠር 20 በመቶው ብቻ ነበር። የእኔ አሥራ አምስት ደቂቃ ከየትኛው ወገን እንደ ነበረች አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

በ2006 ዓ.ም. ወዳጄ አንድ ጥያቄ ይዞ ቤቴ መጣ። የጥናት ቡድኑ የደረሰበትን ለገበሬው በወረቀት ሳይሆን በመድረክ ለመመለስ ስለ ፈለገ ስለ ምጥና ስለ መዘግየት አንድ አጭር ተውኔት እንድጽፍ ጠየቀኝ። ደስ እያለኝ ተቀበልሁ፤ ከአዲስ አበባ ሳልወጣም በሁለት ሳምንት ጽፌ ጨረስሁት። በተውኔቱ ውስጥ ጥፋተኛዋ አማት ነበረች። ምራቷን «እኔ ሰባት ልጅ እቤቴ ወልጃለሁ» እያለች ታስቀራለች፤ ምራቲቱ ትሞታለች፤ አማቲቱ ደረቷን ትደቃለች፤ መጋረጃ። በልቤ ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ቡድኑ ወደሚሠራበት ወረዳ አብሬ ሄድሁ። የወዳጄን ባልደረቦች ያወቅኋቸው በዚያ ነው። ሠላሳ ዓመት በአዋላጅነት የሠሩ፣ ሁሉም «ሲስተር» የሚሏቸው ጡረተኛ ሴት ነበሩ፤ መጠይቁ ውስጥ አንዲት ቃል እናትን የምታሳፍር ከሆነ ወዲያው ይሰርዟታል። ስታቲስቲክስ የተማረች አንዲት ወጣት ነበረች፤ ማታ ማታ በፋኖስ ብርሃን ቅጾቹን ስትመረምር አንድ ባዶ ሳጥን ካገኘች በነጋታው ሁለት ሰዓት በእግሯ ተመልሳ ትሄዳለች። ወዳጄ ስለ እርሷ ሲናገር «ባዶ ሳጥን ማለት ያልተቆጠረ ሰው ነው ብላ ነው የምታምነው» ይለኝ ነበር። ሾፌራችን ደግሞ ዝምተኛ ሰው ነበር።

ተውኔቱን አንድ ማታ በቀበሌው ጤና ኬላ ውስጥ አነበብሁላቸው። ስጨርስ ሲስተር ዝም አሉ። ወዳጄም ዝም አለ። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ፣ እጇን አውጥታ እንዲህ አለች፦

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በዚህ ድራማ ውስጥ እኔ የለሁም። መንገዱም የለም። ክረምት የሚሞላው ወንዝም የለም። ያለችው አሮጊቷ ብቻ ናት። እኛ አገር ግን አሮጊቷ አትገድልም፤ እሷም የምትፈራው የሚያስፈራ ነገር ስላለ ነው።»

ከዚያም የራሷን ነገር አወራች። የስምንት ወር ልጇን ለእናቷ ትታ ቤት ለቤት እንደምትዞር፣ እናቶችን «ጤና ጣቢያ ውለዱ» ስትል «በምን እንሂድ?» ብለው ሲመልሱላት አንገቷን እንደምትደፋ ነገረችን። ወዳጄ ከስብሰባው በኋላ ያለኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «ተከሳሿን አቀረብህ፤ መርማሪ ግን አልነበርህም።» ተቀየምሁት። ሌሊቱን ሳልናገረው ዐደርሁ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወደ ሌላ ቀበሌ ስንጓዝ ስምንት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው አቀበቱን ሲወጡ አገኘናቸው። ቃሬዛው ላይ ጋቢ የተከናነበች ወላድ ነበረች፤ ምጥ ከጀመራት ሁለተኛ ቀኗ ነው። የወረዳዋ አንዲት አምቡላንስ ወደ ሌላ ቀበሌ ሄዳ ነበር። የእኛ መኪና በመጠይቅ ወረቀትና በሻንጣ የተሞላ ሲሆን፣ በዚያ ቀን ስምንት ቤት መዳረስ ነበረብን። እዚህ ላይ የማልደብቀውን አንድ ነገር ልናገር። በዚያ ሰዓት ከአፌ የወጣው ቃል «ጊዜው አይበቃንም» የሚል ነበር። እኔ ስለ ምጥ ተውኔት የምጽፈው ሰው!

ሾፌራችን ሞተሩን አጠፋ። «ስለ እናቶች ልናጠና መጥተን እናት ጥለን ልናልፍ ነው?» ብሎ ወረደና ሻንጣዎቹን ከመንገዱ ዳር መደርደር ጀመረ። ስታቲስቲክስ የተማረችው ልጅ መጠይቆቿን አቅፋ ወረደች። ሲስተር ከወላዷ አጠገብ ተቀመጡ። እኔና ወዳጄ ከሻንጣዎቹ ጋር መንገድ ዳር ቀረን፤ እስከ ምሽትም ያለ ንግግር ተቀመጥን። ማታ ሾፌሩ ሲመለስ እናቲቱ መትረፏን፣ ሕፃኑ ግን አለመትረፉን ነገረን። ሁለት ሰዓት ቀደም ብላ ደርሳ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ይተርፉ ነበር ማለታቸውን ከሲስተር ሰማሁ። ወዳጄ ትከሻዬን ያዘኝ። ቅሬታዬን ያኔ ተውሁት።

ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት ወዳጄ አንድ ቦታ ሊያሳየኝ ፈለገ፤ በጉራጌ ምድር የሚገኘውን የአጣጥ ሆስፒታል። በዚያ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የእናቶች ማቆያ አለ። አደጋ ሊገጥማቸው ይችላል የተባሉ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ እየቆዩ ይወልዳሉ። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ያሉት የ22 ዓመታት መዝገቦች ተመርምረው እንደ ታተመው፣ በማቆያው ከቆዩት እናቶች መካከል የሞቱት ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት ሲሰላ 90 ያህል ሲሆኑ፣ ሳይቆዩ ከመጡት መካከል ግን 1,333 ያህል ነበሩ። ሳይቆዩ ከመጡት ብዙዎቹ ነገሩ ከከፋ በኋላ የደረሱ ስለ ሆኑ ንጽጽሩ በጥንቃቄ መታየት እንዳለበት ወዳጄ አልሸሸገኝም። ቢሆንም ነገሩ ግልጽ ነው። መንገዱን ማሳጠር ካልተቻለ እናቲቱን ቀድሞ ማቅረብ ይቻላል። ለዚህ ቃሬዛ መሮጥ የለበትም።

ተውኔቱን እንደ ገና ጻፍሁት። አማቲቱ ቀረች፤ ነገር ግን ከሳሽና ጠባቂ ሳትሆን የምትፈራ እናት ሆነች። ወንዙ ገባ፤ አምቡላንሷ ገባች፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከልጇ ጋር ገባች። ባልየው ምጡ በሌሊት ሲበረታ «ይንጋና እንሂድ» ይላል፤ ይህን ቃል በጨለማና በጅብ ፍርሃት ምክንያት ነበር ያስባልሁት።

በ2007 ዓ.ም. ተውኔቱ ሲታይ የወዳጄ አባት ከአገራቸው መጥተው ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር። ባልየው «ይንጋና እንሂድ» ሲል ሽማግሌው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ከትርኢቱ በኋላ ልጃቸውን ጠርተው፣ እኔም አጠገባቸው ቆሜ ሳለ፣ እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ ያን ሌሊት በቅሎ ነበረች። ከወንዙ ማዶ ያለው ሰውዬ በቅሎ ነበረችው። እኔ ግን የአምናው የዘር ብድር ነበረብኝ፤ ሳልመልስለት ደጁን በሌሊት መምታት አፈርሁ። ይንጋ አልሁ። እናትህ ቀኗ ደርሶ አይደለም።»

ወዳጄ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም ዝቅ ብሎ የአባቱን ጉልበት ሳመ። «አባባ፣ እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዓመት ኪሎ ሜትር ስለካ ነበር» አለ። ሽማግሌው ራሱን በእጃቸው ደባበሱት። ከዚያ ምሽት ጀምሮ እስከ ዐረፉበት እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ «ቀኗ ደርሶ» ሲሉ የሰማቸው የለም።

እኔም በዚያ ምሽት ያቺን አሥራ አምስት ደቂቃ አሰብኋት። የጎረቤቴን በር ሳላፍር ያንኳኳሁት ከእኝህ ሽማግሌ ስለ በለጥሁ አልነበረም። ዕዳ ስላልነበረብኝ ነው። ድህነት ሰውን ገንዘብ ከማሳጣቱ በፊት ደጅ የመምታት ድፍረቱን ይወስድበታል። የጥናት ሰዎች እናትን የሚገድሉትን መዘግየቶች በሦስት ይከፍሏቸዋል፦ ለመሄድ መወሰን፣ ከሕክምና ቦታ መድረስ፣ ከደረሱም በኋላ ተገቢውን ሕክምና ማግኘት። በመጀመሪያው መዘግየት ውስጥ እንዲህ ያለ የአንድ ሰው እፍረት ተደብቆ መኖሩን ግን ወዳጄ ከራሱ አባት አፍ እስኪሰማ ድረስ አልጠየቀም ነበር።

በሚቀጥለው ጥናቱ መጠይቅ ውስጥ አንድ አዲስ ጥያቄ ጨመረ፦ «በችግር ሌሊት የማንን ደጅ ለመምታት ያፍራሉ? ለምን?» ሲስተር መጠይቁን ሲያነቡ ብዙ ቃል ሰረዙ፤ ይህችን ግን አልነኳትም። ስታቲስቲክስ የተማረችው ልጅም ለመልሱ ሳጥን ሳይሆን ሦስት ባዶ መስመር ሠራችለት።

በ2017 ዓ.ም. የወዳጄ ልጅ በአዋላጅነት ሙያ ተመረቀች። በምርቃቷ ግብዣ ላይ ሾፌራችን፣ ሲስተርና ያቺ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሁሉ ነበሩ፤ የኋለኛዋ ያን ጊዜ ትታው የምትዞረውን ልጇን ይዛ መጥታ ነበር፤ ቁመቱ ትከሻዋ ደርሷል። ስለ አያቷ ሞት ለተመራቂዋ የነገራት አባቷ ነው፤ በቅሎዋን ሳይደብቅ ነገራት። እርሷም የመጀመሪያ ምድቧን ከጉና ግርጌ እንዲሆንላት ጠየቀች።

እኛ የብዕር ሰዎች ስለ ሕዝብ እንጽፋለን እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን የምንጽፈው ከጠረጴዛችን የምናውቀውን ሕዝብ ነው። ወዳጄ በቁጥር የሚያገኘውን እኔ በሰው አገኘዋለሁ ብዬ ኮርቼ ነበር፤ ሁለታችንም ግን ያቺን በቅሎ ሳናያት ኖረናል። ያሳዩን አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ እርሳቸውም የተናገሩት በመድረኩ ላይ የራሳቸውን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሲሰሙ ነው። ስለዚህ ቀጣዩን ተውኔቴን ልጀምር ስነሣ አስቀድሜ የምጠይቀው ያን የወዳጄን ጥያቄ ሆኗል። መልሱንም ለመስማት ወደ ደጃቸው እሄዳለሁ።