ዳግማዊ ራምሴስ፣ የልማት ተነሺው

አዲስ አበባ ያደገ ሰው "የልማት ተነሺ" ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም። አራት ሆነን ከአስዋን ወደ ደቡብ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ በረሃውን አቋርጠን አቡ ሲምበል ስንደርስ፣ በቤተ መቅደሱ በር ላይ የተቀመጡትን አራቱን ግዙፍ የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልቶች አይተን መጀመሪያ ያልነውም ይህንኑ ነው። ምትክ ቦታ የተሰጠው ንጉሥ!

ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1960 የአስዋንን ታላቅ ግድብ መሥራት ስትጀምር ዩኔስኮ ለዓለም ጥሪ አቀረበ። ከ1964 እስከ 1968 ቤተ መቅደሱ በመጋዝ እየተቆረጠ ከ1,000 በላይ ቁራጭ ሆነና 65 ሜትር ወደ ላይ፣ 200 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተወስዶ እንደገና ተገጠመ። ከጀርባው ያለው ኮረብታ ራሱ ሰው ሠራሽ ነው፤ ውስጡ የኮንክሪት ጉልላት አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥቅምትና በየካቲት፣ እስከ ውስጠኛው ክፍል ዘልቃ የምትገባው ፀሐይ እንዳትቀርበትም አቅጣጫው ተለክቶለታል። ለምትክ ቦታ ቀበሌ የተመላለሰ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል እናንተው ገምቱት።

በማግስቱ ወደ ፊላይ በጀልባ ሄድን። የኢሲስ ቤተ መቅደስ ወደ 40,000 በሚጠጉ ድንጋዮች ተፈታትቶ አጠገቡ ወዳለችው አጊልኪያ ደሴት የተሻገረ ነው፤ ደሴቷንም ቀርጸው የድሮዋን አስመስለዋታል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ስለተደረገ ግድግዳው ላይ መስቀል አለ። አንዷ ጓደኛችን ሳታስበው አማተበች።

ባለጀልባው ኑቢያዊ ነው። ስንመለስ ከየት እንደሆንን ጠየቀን፤ ነገርነው።

"አሃ፣ ሰድ!" አለ። በዐረብኛ ግድብ ማለት ነው።

እንግዲህ የዓባይ ክርክር መጣ ብለን ወገባችንን ጠበቅ አደረግን። እሱ ግን ያነሣው የራሱን አገር ግድብ ነበር። የአያቱ መንደር ናስር ሐይቅ ሥር ነው። በ1963 እና በ1964 ወደ 50,000 የሚሆኑ የግብፅ ኑቢያውያን ተነሥተው ኮም ኦምቦ አጠገብ፣ ከወንዙ ርቀው ሰፈሩ። ለአዲሶቹ መንደሮች የድሮዎቹ ስም ወጣላቸው። አያቱ ግን በር ላይ ቆመው በዓይናቸው ወንዙን መፈለግ እስኪሞቱ ድረስ አልተዋቸውም።

ለራምሴስ ፀሐይዋን እንኳ ለክተውለታል። ለሳቸው ወንዙን ማን ይለካላቸው?

ዝም ብለን ትንሽ ከሄድን በኋላ፣ "ከእናንተ ግድብ የተነሡት ሰዎችስ፣ አሁን ካሉበት ወንዙ ይታያቸዋል?" አለን።

ሕዳሴው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ አራታችንም ቴሌቪዥን ላይ ተጥደን ነበር። የተርባይኖቹን ቁጥር ጠይቁን፣ በቃላችን ነው። ያቺው ያማተበችው ጓደኛችን፣ "ጉሙዝ የሚባሉ ናቸው" አለችው፤ ከዚያ በላይ አልሄደችም።

"ስማቸውን ድገሚልኝ።"

"ጉሙዝ።"

"ጉሙዝ" አለና ሞተሩን አጥፍቶ ጀልባዋን ወደ ዳር አስጠጋ።