ለማይሰማ ጌታ የሚነፋ ዋሽንት

አስፈሪ ልብ ወለድ የሚወድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የጭራቁን ጥርስና ጥፍር ይቆጥራል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ከጭራቁ አጠገብ ቆሞ ዋሽንት የሚነፋው ነው።

አሜሪካዊው ደራሲ ላቭክራፍት (ከ1890 እስከ 1937 እ.ኤ.አ.) አዛቶት የሚባል አምላክ ፈጥሯል። አዛቶት በጠፈር ሁሉ እምብርት ላይ ተጎልቷል፤ ዓይን የለው፣ አእምሮ የለው። በዙሪያው ከበሮ ይደለቃል፤ ቀጭን ዋሽንት ያንኑ ዜማ ያለማቋረጥ ያላዝናል። የነፊዎቹን መልክ ደራሲው በቅጡ አይነግረንም። አንድ ቦታ ቅርጽ የለሽ ናቸው ይላል፤ በ1936 በታተመ ታሪኩ ደግሞ ዋሽንቱን የያዘው ስም ያልወጣለት የአውሬ መዳፍ ነው።

ለመሆኑ ለምን ይነፋሉ? ብዙ አንባቢ «አዛቶት እንዳይነቃ ነዋ! ከነቃ ዓለም አለቀላት» ይላል። ይህንን ቁልጭ አድርጎ የጻፈው ግን ላቭክራፍት በጣም ያደንቀው የነበረው አየርላንዳዊው ሎርድ ደንሴኒ ነው። በ1905 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስካርል የሚባል ከበሮ መቺ አለ። ስካርል ለአፍታ እጁን ቢያሳርፍ የተኛው አምላክ ይነቃል፤ ዓለማትም አማልክትም አይኖሩም። ስካርል ይደክመው ይሆናል፤ ድካሙ ግን ትርጉም አለው። ላቭክራፍት ዋሽንቱ አዛቶትን ያባብለዋል ይላል እንጂ ዓለምን አቁሞ ይዟል አይልም። ነፊው የሚያድነው ነገር የለም። የሚያመሰግነው ቀርቶ የሚቆጣውም የለም። የእኛ አዝማሪ እንኳ በጌታው ግብር ላይ ሲዘፍን ቅኔው ውስጥ ወርቅ ይደብቃል፤ ጌታው ጆሮ አለዋ!

እዚህ ላይ ስለ ኤሪክ ዛን ማንሳት ግድ ነው። በ1922 የታተመው ይህ ታሪክ እንደኛው በአንድ ተማሪ አንደበት የሚተረክ ነው። ተማሪው ከተከራየበት ቤት አናት፣ ጣሪያ ስር ባለች ክፍል፣ ዛን የሚባል ድዳ ሽማግሌ በየሌሊቱ ባለ አውታር መሣሪያውን ይጫወታል። ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ነገር በሙዚቃ እየተከላከለ ነው። በመጨረሻው ሌሊት ተማሪው በጨለማ ሲዳስሰው ሽማግሌው ሞቷል፤ ሙዚቃው ግን አልቆመም!

ለእኔ ከጥርስና ከጥፍር ሁሉ የሚብሰው ይህ ነው። ዛን በሕይወት ሳለ ፈርቶም ቢሆን የሚጫወትበትን ምክንያት ያውቅ ነበር። ከሞተ በኋላ የሚጫወተው እጅ ግን ከእነዚያ መዳፎች በምን ይለያል? ሙዚቀኛውን ጭራቅ የሚያደርገው የመዳፉ ቅርጽ አይደለም፤ ለማንና ለምን እንደሚጫወት ሳያውቅ መቀጠሉ ነው።

ነገሩ ለዋሽንት ነፊ ብቻ የሚሠራ አይመስለኝም። ብዕር የያዝን ሁሉ፣ አጨብጭቡ ስንባል የምናጨበጭብ ሁሉ፣ አልፎ አልፎ እጃችንን አየት ብናደርግ መልካም ነው፤ እኛ ነን የምናንቀሳቅሰው ወይስ እንዲያው ለምዶበት ይንቀሳቀሳል?